መቀመጫ አይባልም፤ ኮርቻ ነው!

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። ይህን ያለ ሰው ብስክሌት አላየም። በሁለት ጎማ፣ በአንድ ሰንሰለትና በጥቂት ቱቦ ላይ የተለጠፈውን ስም ሁሉ ለማውጣት አንድ መልአክ አይበቃም። ሠራዊት ቢታዘዝም ግማሹ «ይህ ቃል የእንግሊዞች ነው»፣ ግማሹ «የለም፣ የአሜሪካኖች ነው» ብሎ ለሁለት መከፈሉ አይቀርም። ሰማይን ከእንዲህ ያለ ጠብ ለመጠበቅ ይመስለኛል ሥራው ወደ ምድር ወርዶ ለአራሚዎች የተሰጠው። ይህች ጽሑፍ ለእነርሱ የቀረበች የምስጋና ደብዳቤ ናት።

አራሚን የማያውቅ ብስክሌተኛ የለም። ሰው ብስክሌቱን ገልብጦ፣ እጁ እስከ ክርኑ በግራሶ ተለውሶ መንገድ ዳር ሲታገል፣ እርሳቸው አጠገቡ ይቆማሉ። ጓንታቸውን አያወልቁም፤ መፍቻም አያቀብሉም። «ምን ገጠመህ ወንድሜ?» ይላሉ፤ ይነገራቸዋል። የተነገራቸውን በትዕግሥት ሰምተው ሲያበቁ ከመካከሉ አንዲት ቃል ነቅሰው ያወጡና ያቃኗታል። ከዚያም መልካም መንገድ ተመኝተው ይሄዳሉ። ብስክሌቱ እንደተሰበረ ቀርቷል፤ የባለቤቱ አንደበት ግን ተጠግኗል። ለዚህ ሁሉ አገልግሎት ደግሞ አንድ ሳንቲም አይጠይቁም።

ባለፈው እሑድ ይህ ጸጋ ለእኔም በገፍ ደረሰኝ። አቀበት ላይ ማርሽ ስቀይር ሰንሰለቴ ወለቀ። ወረድኩና አብረውኝ ለሚጋልቡት ሦስት ሊቃውንት «ማርሽ መቀየሪያው ሰንሰለቴን ጣለው» አልኳቸው። ሦስቱም ተያዩ። የመጀመሪያው «ዴራይለር ነው የሚባለው» አሉኝ በርኅራኄ። ሁለተኛው ፈረንሳይኛ ቀመስ ናቸውና ከንፈራቸውን አሹለው «ዴራየር» ብለው ባልደረባቸውን አረሙ። ሦስተኛው፣ በእንግሊዞች ወግ ያደጉት፣ «ሜክ» በማለት በአንዲት ፊደልና ግማሽ ነገሩን ሊቋጩት ሞከሩ፤ አልተቋጨም። ክርክሩ ሲግል የቃሉን ትርጉም ጠየቅኳቸው። ፈረንሳይኛ ነው፤ ከሐዲድ የሚያስወጣ ማለት ነው። እንግዲህ ዕቃዬ አልተበላሸም ነበር። ስሙን አክብሮ ሰንሰለቱን ከሐዲዱ አስወጣ እንጂ ምን አጠፋ? ይቅርታ ጠይቄ በጣቴ መለስኩት።

ቱር ደ ፍራንስ የተባለው የፈረንሳይ ታላቅ የብስክሌት ውድድር ይህን ዕቃ ለተወዳዳሪዎቹ የፈቀደው በ1937 ነው፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር። ከዚያ በፊት ጋላቢዎቹ ተራራው ሥር ሲደርሱ ወርደው፣ የኋላ ጎማቸውን ፈትተው፣ በሌላኛው ጎኑ ወዳለው ጥርስ አዙረው ይገጥሙት ነበር። ድካሙ ብዙ ነው። ሆኖም ስሙን አሳስተሃል የሚላቸው አልነበረምና በአንድ በኩል እረፍት ነው።

ከዕቃዎቹ ሁሉ አብልጬ የማደንቀው ግን የኮርቻውን ጉዳይ ነው። አራሚ ባለበት «መቀመጫ» ያለ ሰው ወዮለት! ማስረጃቸው የማይነቃነቅ ነው፦ መቀመጫ ማለት ሙሉ ክብደትን የሚጥሉበት ነው፤ ኮርቻ ግን የሰውን ክብደት ከእግርና ከእጅ ጋር ይካፈላል፤ ፈረስ ላይ እንዳለው ማለት ነው። ግሩም ትምህርት ነው። ልቤ ረክቶ፣ ከኮርቻው ሥር የቆመውን ዘንግ በዚያው ሒሳብ «የኮርቻ ዘንግ» ብዬ ጠራሁት። ስሕተት! «ሲትፖስት» ነው፤ የመቀመጫ ዘንግ። ዘንጉ የሚሰካበት የፍሬሙ ቱቦስ? «ሲት ቲዩብ»፤ የመቀመጫ ቱቦ። ከእርሱ ተነሥተው ወደ ኋላ ጎማ የሚወርዱት ሁለት ቀጫጭኖችስ? «ሲት ስቴይ»። ዘንጉን አንቆ የሚይዘው ቀለበትስ? «ሲት ክላምፕ»። ዘር ማንዘሩ በሙሉ መቀመጫ ነው፤ አናቱ ላይ የተሾመው ብቻ ኮርቻ ሆኗል። ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይባል ነበር። ኮርቻው ግን ፈረስ በሌለበት ያዋጋል።

ፔዳሉም ከዚህ አያንስም። ድሮ ጫማ እንዳይንሸራተት የጋላቢው የእግር ጣቶች በሽቦ ቅርጫት ውስጥ ይገቡና በጠፍር ይጠበቁ ነበር። ያ ቅርጫት ክሊፕ ይባላል። በ1984 ለበረዶ ተንሸራታቾች የጫማ ማሰሪያ ይሠራ የነበረው ሉክ የተባለ የፈረንሳይ ኩባንያ ያንኑ ጥበብ ወደ ብስክሌት አመጣውና፣ በዓመቱ ፈረንሳዊው ጋላቢ በርናር ኢኖ ቱር ደ ፍራንስን አሸነፈበት። ይህ ፔዳል የጫማን ሶል ቀጭ አድርጎ ይነክሳል፤ ተረከዝን ወደ ጎን ካልጠመዘዙለትም አይለቅም። ታዲያ ስሙ ማን ቢባል ጥሩ ነው? «ክሊፕለስ»፤ ክሊፕ አልባ! ቅርጫቱ ስለሌለው ነው። አንድ ጀማሪ ቀይ መብራት ላይ ቆሞ፣ እግሩ አልላቀቅ ብሎት፣ በሕዝብ ፊት እንደ ተቆረጠ ግንድ ሲጋደም የያዘው የማይዘው ፔዳል ነው። ከአስፋልቱ ላይ ሆኖ «ፔዳሉ ያዘኝ» ቢል እንኳ ትክክለኛውን ስም እስኪጠራ ድረስ አይነሣም።

መሐል ላይ ክራንኩ፣ ማለትም ፔዳሎቹን የያዘው ክንድ፣ የሚዞርበትን ክፍል በተመለከተ ብዙ አልልም። ስሙ «ቦተም ብራኬት»፣ በአጭሩ «ቢቢ» ነው፤ የታችኛው ብራኬት። የላይኛው የታለ ብዬ ጠይቄ ሰው መሐል ስለተሳቀብኝ ርእሱን አልወደውም። የእንግሊዙ የብሎን ጥርስ የቀኝ ጎኑ በግራ ይጠብቃል፤ የጣሊያኑ ሁለቱም ጎን በቀኝ ይጠብቃል። ከዚያ ወዲህ ቢቢ30፣ ቢቢ86፣ ቢቢ90፣ ቲ47 እየተባለ እንደ ሎተሪ ቁጥር የሚጠራ ትውልድ ተፈልፍሏል። እያንዳንዱም «ስታንዳርድ» ይባላል፤ አንዱ በሌላው ውስጥ ስለማይገባ ይመስለኛል። በውስጡ የሚሽከረከረውን ደግሞ እኛ ኩሽኔታ እንለዋለን። በጣሊያንኛ ትንሽ ትራስ ማለት ነው። ጠጣር የብረት ኳሶችን ትራስ ያለው ጣሊያናዊ ባለሙያ በዘመኑ አራሚ አልገጠመውም፤ ዕድለኛ ነው።

ወደ ጥርሶቹ ልመለስ። የዛሬ ሃምሳ ዓመት «ባለ አሥር ማርሽ» የሚባለው ብስክሌት ከፊት ሁለት፣ ከኋላ አምስት ጥርስ የነበረው ነው፤ ሁለት በአምስት ተባዝቶ። ዛሬ «ባለ አሥር» ሲባል ከኋላ ብቻ አሥር ማለት ነው፤ የፊቱ አይቆጠርም። አባትና ልጅ እኩል ባለ አሥር ብስክሌት ይዘው ልጅ በእጥፍ ይበልጣል። ከኋላ የተደረደሩትን ጥርሶች «ካሴት» እንላቸዋለን ብለው ሲነግሩኝ ዘፈን የሚወጣቸው መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ኋላ ግን የእኔ «ፍሪዊል» ሆኖ ተገኘ። ልዩነቱ ዋዛ አይደለም፦ ፍሪዊል መቁጠሪያው፣ ማለትም ፔዳል ሳይረግጡ ሲንሸራተቱ ጭርጭር የሚለው ክፍል፣ ከጥርሶቹ ጋር ተዋሕዶ ጎማው መሐል ላይ በብሎን ጥርስ ይታሰራል፤ ካሴት ግን መቁጠሪያው በጎማው እምብርት ላይ ቀርቶ ጥርሶቹ ብቻ ይንሸራተቱበታል። የጃፓኑ ዕቃ ሠሪ ሺማኖ ይህን በ1978 ገበያ ላይ ካወጣ ወዲህ ሁለቱን አቀላቅሎ የጠራ ሰው ከማኅበር ይወገዳል። መፍቻቸው ስለሚለያይ እዚህ ላይ አራሚዎቹ እውነት አላቸው፤ ምስጋናዬ ሽሙጥ እንዳይመስል ይህን መመስከር ይገባኛል።

የእውቀታቸው ጥልቀት የሚታየው ግን ጎማ ላይ ነው። «26 ኢንች» የምትለዋን አጭር ቃል እንደ አንድምታ መምህር ሲያወርዷት መስማት ነው። «ሃያ ስድስት ኢንች አለ፤ የተራራ ብስክሌት ነው ሲል፤ ቸርኬው 559 ሚሊሜትር ነው። አንድም 571 ነው፤ የትንንሽ እሽቅድምድም ብስክሌት ነው ሲል። አንድም 584 ነው፤ ፈረንሳዮች 650ቢ የሚሉት። አንድም 590 ነው። አንድም 597 ነው። ሐተታ፦ 26 በ1.75 እና 26 በ1¾ አንድ ናቸውን? በሒሳብ አንድ ናቸው፤ በቸርኬ ሁለት ናቸው፤ የፊተኛው 559፣ የኋለኛው 571 ነውና።» ሒሳብ አስተማሪዬ ይህን ሳይሰሙ በማረፋቸው እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ።

ቀጥሎም 29 ኢንች የሚባለው ቸርኬ 622 ነው፤ 28 የሚባለውም፣ 700ሲ የሚባለውም ያው 622 ነው። 27 የሚባለው ግን 630 ነው። ሃያ ሰባት ከሃያ ዘጠኝ ይበልጣል ማለት ነው። በቅርብ ዓመታት እንደ አዲስ ግኝት የተወለደው 27.5 ደግሞ ያ አሮጌ 584 ነው፤ ከላይ «26» ተብሎ ሲጠራ የነበረው። የሚገርመው በጎማው ጎን ላይ 37-622 ዓይነት ጽሑፍ ታትሞ መቀመጡ ነው፦ ውፍረት፣ ቸርኬ፣ በሚሊሜትር። ዓለም አቀፍ ደንብ ነው፤ አያከራክርም፤ ያነበበ ሁሉ አይሳሳትም። አራሚዎቻችን አይተውት የማያውቁት በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። ሁለት ሰው ተስማምቶ የሚያነበው ቁጥር ምን ይረባል?

አንዳንድ ጊዜ ያለ እነርሱ የኖሩትን አስቤ አዝናለሁ። ጀርመናዊው ካርል ፎን ድራይስ በ1817 ሁለት ጎማ አከታትሎ «የመሮጫ ማሽን» ብሎ ሲሰይም ሕዝቡ ሳይፈቅድለት ድራይዚን፣ ቬሎሲፔድ፣ የእንጨት ፈረስ እያለ ጠራበት። በ1885 እንግሊዛዊው ስታርሊ «ሮቨር» የተባለውን፣ የዛሬውን የሚመስል ብስክሌት ቢያወጣ ፖላንዶች የፋብሪካውን ስም ወስደው ብስክሌትን ሁሉ እስከ ዛሬ «ሮቨር» ይላሉ፤ አንድም ሰው አላስቆማቸውም። ኔዘርላንዳውያን ብስክሌትን «ፊትስ» ይሉታል። የቃሉ ምንጭ ከየት ነው በሚለው ላይ ምሁራኖቻቸው እስኪደክማቸው ተከራክረዋል፤ ሕዝቡ ግን መልሱን ሳይጠብቅ ከመላው ዓለም አብልጦ ይነዳዋል። ምን ያህል አራሚ ቢጎድላቸው ነው!

ስለ ጋላቢውም ቃል አለ። መንገድ ላይ የበላው አልቆ፣ ጉልበቱ ከድቶት፣ ዓይኑ የጨለመ ሰው «ራበኝ» አይልም። «ቦንክ አደረግኩ» ነው የሚለው። ረኀብ ያሳፍራል፤ ቦንክ ግን ሲተረክ የሚውል ገድል ነው። እንዲህ ያለ ማዕረግ ለባዶ ሆድ የሰጠ ሌላ ስፖርት አላውቅም።

የእሑዱን ታሪክ ሳልጨርስ ቀረሁ። ሰንሰለቱን መልሼ ትንሽ እንደሄድን የኋላ ጎማዬ ፉሽ አለ። የውስጡን ጎማ፣ ጣሊያኖች «ካሜራ ዳሪያ» ያሉትንና እኛ በአንድ ትንፋሽ ከመነዳሪ ያደረግነውን፣ መተካት ነበረብኝ። ሦስቱ ሊቃውንት ከበቡኝ። አንደኛው የመለዋወጫ ጎማ ሰጡኝ፤ እግዜር ይስጣቸው፣ የመጀመሪያው ተጨባጭ እርዳታ ነበር። ወዲያው ግን ቫልቩ፣ አየር የሚሞላበት አንገት፣ ላይ ተጣሉ። «ፕሬስታ» ነው፣ «የፈረንሳይ ቫልቭ» ነው፣ «ሽሬደር» ነው፣ «የአሜሪካ ቫልቭ» ነው። ክርክሩ ግማሽ ሰዓት ያህል ፈጀ፤ አንዳንዶቹ ነጥቦች በእውነት አስተማሪ ነበሩ። በመጨረሻ በአንድ ድምፅ ሽሬደር መሆኑ ተወሰነ፤ እኔም ስሙን አስተካክዬ ጠርቼ ልገጥመው ሞከርኩ። አልገባም። የሽሬደር አንገት ስምንት ሚሊሜትር ያህል ይወፍራል፤ የእኔ ቸርኬ ቀዳዳ የተበሳው ለፕሬስታ ስድስት ሚሊሜትር ነበር። «እንግዲህ ስሙን በትክክል ማወቅህ አንድ ነገር ነው» ብለው አጽናኑኝ።

በነገራችን ላይ ከዚህ ሳምንት በፊት የግራ ፔዳሌን ልፈታ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ስታገል ከሊቃውንቱ ሁለቱ አጠገቤ ነበሩ። የግራ ፔዳል ጥርሱ ተቃራኒ ነው፤ የሚፈታው እንደ ሌላው ብሎን ሳይሆን በሰዓት አቅጣጫ ተዞሮ ነው። ይህን ያወቅኩት መፍቻው ካመለጠኝና የጣቴን ቆዳ ከወሰደው በኋላ ነው። እነርሱ ያን ጊዜ መፍቻው «ስፓነር» ይባላል ወይስ «ሬንች» በሚለው ላይ ስለነበሩ ማቋረጥ አልፈለጉም።

ብስክሌቴን እየገፋሁ መመለስ ጀመርኩ። ብዙም ሳልርቅ አንዱ ከኋላ ጠሩኝ። የወደቀብኝ ነገር ያለ መስሎኝ ቆምኩ። «ይህ እኮ መግፋት አይባልም» አሉኝ፤ «ስም አለው፤ ሃይክ ኤ ባይክ ነው።» ሁለተኛው አልተቀበሉም፦ ያ ቃል የሚሠራው ገደልና ድንጋይ በበዛበት፣ መንዳት በማይቻልበት መንገድ ላይ ነው፤ እኔ ደግሞ ለጥ ባለ አስፋልት ላይ ነኝ። ሦስተኛው ብስክሌቱን ትከሻ ላይ ካልተሸከሙት አይቆጠርም ብለው ሌላ በር ከፈቱ። ልሸከመው አስቤ ነበር፤ ከዚያ ግን መዞሪያው ላይ ስደርስ ድምፃቸው አሁንም ይሰማኝ ስለነበር ዝም ብዬ ገፋሁ።