ከምን ተነስቶ ነው 120 ሜትር?

ኧረ የድሮን በረራ ከፍታን ነገር አንድ በሉን! ድሮን እንዳይገባበት የአየር ክልል ሲከለል ካርታው ላይ ቀይ ክብ ይሰመራል፤ ቁመቱ ከምን ተነስቶ እንደሚለካ ግን የሚናገር የለም። ጎንደር እኮ ሜዳ አይደለችም። አውሮፕላን ማረፊያው አዘዞ ነው፣ ከከተማው ዝቅ ብሎ። የድሮን ስክሪን የሚያሳየው ከተነሳበት ቦታ ያለውን ቁመት ነው፤ የአውሮፕላን አብራሪው የሚያነበው ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ ያለውን። ለጥምቀት አንዱ ከፋሲለደስ መዋኛ፣ ሌላው ከጎሃ ተራራ አናት ድሮን ቢያስነሳና ሁለቱም ስክሪን 120 ቢል፣ ሰማይ ላይ እኩል አይደሉም፤ የተራራው ቁመት ይደመራል።

የባሰው ደግሞ ሲግናል ሲቆረጥ ነው። 30 ሜትር ላይ ሲቀርጽ የነበረ ድሮን ብዙ ጊዜ በቀጥታ አይመለስም፤ መጀመሪያ ለመመለሻ ወደተሞላለት ከፍታ፣ 100 ከሆነ ወደ 100 ሜትር፣ ሽቅብ ይወጣል። የተከለከለው ክልል ከዚያ በታች የሚጀምር ከሆነ፣ ማንም ሳያዝዘው ክልሉ ውስጥ ገባ ማለት ነው! ቁጥሩን ከመነሳቱ በፊት ማስተካከል ደቂቃ አይፈጅም፤ በዙሪያው ካለው ዛፍና ሕንፃ በላይ፣ ከተፈቀደው የከፍታ ጣሪያ በታች። ግን ጣሪያው ካልተነገረን በምን እናስተካክለው? አውሮፕላኑ ውስጥ ሰው አለ። ክልል የሚያወጣ ሁሉ ወለሉንና ጣሪያውን፣ ማለትም ክልሉ የሚጀምርበትንና የሚያበቃበትን ከፍታ፣ በሜትር፣ «ከባሕር ጠለል» ወይም «ከመሬት» ብሎ ይጻፍልን።