አየርላንድ ስትሄዱ ካስሉ ለሻይ ይበቃል

ሰመር በመጣ ቁጥር የለንደንና የዋሽንግተን ወዳጆቼ አንድ ዓይነት ፎቶ ይለጥፋሉ። ሐረግ የወረሰው ግንብ፣ ከፊቱ የተስተካከለ ሣር፣ ሣሩ ላይ የእኛ ሰው አምሮበት ቆሞ። «አየርላንድ፣ ካስል ውስጥ አደርን» ይላል ጽሑፉ፤ ካስል የሚሉት ሆቴል የሆነውን የድሮ ግንብ ነው። ማለፊያ ነው፤ የጋብቻ በዓል ሲሆን ማን ይጠላል። ከሥሩ ደግሞ «የት ነው? እኛም እንሂድ» የሚል አይጠፋም፣ መልሱም ያው የካስሉ ሊንክ ነው። እኔ ለዚያ ጠያቂ ሌላ መልስ አለኝ። በካስሉ የአንድ ሌሊት ሂሳብ ሰው የሚኖርበት የገጠር ቤት ወይም ድሮ ሥራ የነበረው ሕንፃ ውስጥ ብዙ ሌሊት ማደር ይቻላል፣ አገሩም ያኔ ነው የሚታየው። ካስሉ ጋ ጎራ ብላችሁ ሻይ ጠጡና ውጡ።

የካስል ነገር ከተነሳ፣ ስሙ እንዳያታልላችሁ። ሜዮ ካውንቲ፣ ኮንግ የሚባለው መንደር ዳር ያለው አሽፎርድ ካስል ታሪኩ እስከ 1228 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጅ ነው) ይወርዳል፣ እውነት ነው። ዛሬ ፎቶ የሚነሱበት ብዙው ግድግዳ ግን ቦታውን በ1852 የገዙት ቢራ ጠማቂዎቹ ጊነሶች ያስጨመሩት ነው። ኮኔማራ ያለው ባሊናሂንች ካስል ደግሞ ካስልነቱ ስሙ ላይ ነው፤ የባለርስቶች የገጠር ቤት ነበር። በ1924 ራንጂትሲንጂ የሚባል የህንድ ልዑል፣ ያውም የታወቀ የክሪኬት ተጫዋች፣ ገዝቶት ሰመር ሰመር እየመጣ ዓሣ ያጠምድበት ነበር። ለእኔ ከግንቡ ጫፍ ይልቅ ይሄኛው ታሪክ ይጥመኛል።

ሌላም አለ። ዶኒጎል ውስጥ ግሌንቬ የሚባል ሐይቅ ዳር የቆመ እጅግ የሚያምር ካስል አለ። ያሠራው ጆን ጆርጅ አዴር የሚባል ባለርስት ነው። ከማሠራቱ በፊት በ1861 ልጆችን ጨምሮ 244 ጭሰኞችን ከቤታቸው አስወጥቶ ጎጆአቸውን አስፈርሷል። ዛሬ ቦታው ብሔራዊ ፓርክ ነው፣ አይታደርበትም፣ ቀን ገብቶ መጎብኘት ይቻላል። ሂዱና እዩት። ከዚያ በኋላ የትኛውም ካስል ሪሴፕሽን ላይ ስትቆሙ «እዚህስ ማን ነበር የሚኖረው?» ማለታችሁ አይቀርም።

አሁን ወደምወደው ልምጣ፤ የመብራት ማማዎቹ። አየርላንድ ዙሪያዋን ባሕር ነው፣ ባሕሩም ክፉ ነው። ስለዚህ መርከብ ከአለት እንዳይላተም ሌሊቱን የሚያበሩ ማማዎች በየጠረፉ ተሠርተዋል፣ አጠገባቸውም ጠባቂዎቹ የሚኖሩበት ቤት አለ። መብራቱ ቀስ በቀስ በራሱ የሚሠራ ሆነ። የመጨረሻው ደብሊን አጠገብ ሆውዝ ላይ ያለው ቤይሊ ሲሆን ጠባቂዎቹ በ1997 ለቀው ወጡ። ቤቶቹ ባዶአቸውን ቀሩ። ነፋስና ጨው የሚመታው ቤት ደግሞ ሰው ከሌለበት ብዙ ዓመት አይቆምም። አይሪሽ ላንድማርክ ትረስት የሚባል በ1992 የተቋቋመ፣ ለትርፍ የማይሠራ ድርጅት ከእነዚህ ቤቶች የተወሰኑትን ጠግኖ ለእንግዳ ያከራያል። ኪራዩ ተመልሶ ለጥገና ነው የሚውለው።

ለምሳሌ የዊክሎው ሄድ ማማ። ከደብሊን ወደ ደቡብ ብዙም አይርቅም። በ1781 የተሠራ፣ ስምንት ማዕዘን ያለው የድንጋይ ማማ ነው። በ1836 መብረቅ መትቶት ውስጡ እንዳለ ተቃጥሏል። ዛሬ ክፍሎቹ አንዱ ባንዱ ላይ ተደርድረዋል፣ ወጥ ቤቱም የት ነው ያለው? ከሁሉም በላይ፣ ጫፉ ላይ። 109 ደረጃ። ሊፍት ብሎ ነገር የለም። ከሱፐርማርኬት የገዛችሁትን ድንችና ሽንኩርት ተሸክማችሁ ትወጣላችሁ፣ ጨው መኪና ውስጥ የረሳ ሰው ደግሞ ወጡን አልጫ ይብላ። ግን አንዴ ከወጣችሁ በኋላ፣ ያ ወፍራም ግድግዳ ውስጥ በተቀመጠው ቅስት መስኮት በኩል ባሕሩን እያያችሁ ቡና ስታፈሉ፣ ደረጃውን የሠራው ሰውዬ ይቅርታ ይደረግለታል።

ክሌር ካውንቲ ጫፍ ያለው ሉፕ ሄድ ሌላ ነው። በአንድ በኩል አትላንቲክ፣ በሌላ በኩል የሻነን ወንዝ አፍ፣ መሐሉ ላይ ማማውና የጠባቂው ቤት። ቤቱ ውስጥ ቴሌቪዥን የለም፣ ምድጃ አለ። ትንሽ ወጣ ብላችሁ ከሄዳችሁ መሬቱ ላይ በድንጋይ በትልቁ «ኤራ» (EIRE) ተብሎ የአገሩ ስም በአይሪሽ ቋንቋ ተጽፏል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አገሪቱ ገለልተኛ ስለነበረች፣ የሁሉም ወገን አብራሪ ከላይ አይቶ የት እንዳለ እንዲያውቅ ነበር። ወደ ሰሜን ደግሞ ዶኒጎል ያለው ፋናድ ሄድ በ1817 ነው መብራት የጀመረው። ምክንያቱ ሳልዳንያ የምትባለው የእንግሊዝ የጦር መርከብ በ1811 እዚያው አካባቢ ከ250 በላይ ሰው ይዛ መስጠሟ ነው። ተረፈ የሚባለው የመርከቧ በቀቀን ብቻ ነው፣ አንገቱ ላይ የካፒቴኑ ስም ያለበት የብር ቀለበት ነበረው ይላሉ። በቀቀኑን አላውቅም፣ የጠባቂዎቹን ጎጆ ግን ተከራይቶ ማደር ይቻላል።

የነዚህ ችግራቸው ቶሎ መያዛቸው ነው፣ በሰመር በተለይ። ዋጋቸውም ለሁለት ሰው ቀላል አይደለም፣ ከጓደኛ ጋር ሲካፈሉት ነው የሚያዋጣው።

ኪስ የሚያየው ምርጫዬ አልጋና ቁርስ (ቢ ኤንድ ቢ) የሚባለው ነው። የገበሬ ወይም የጡረተኛ ቤት ነው፣ ጥቂት ክፍሎች ለእንግዳ ይከራያሉ። እንደኛ አገር ፔንሲዮን እንዳይመስላችሁ። ብዙ ጊዜ ልጆቿ አድገው ደብሊን ወይም ሲድኒ የሄዱባት እናት ናት የምትቀበላችሁ፣ የምትተኙትም ልጇ ባደገበት ክፍል ነው። ግድግዳው ላይ የምረቃ ፎቶው፣ መደርደሪያው ላይ በትምህርት ቤት ያገኘው ዋንጫ። ጥግ ላይ ማንቆርቆሪያ፣ ሻይና ብስኩት። የውሻው ስም ይነገራችኋል፣ ስማችሁን ከመጠየቃችሁ በፊት። እርጥብ ጫማችሁን ሳትጠየቁ ወስዳ ማሞቂያው አጠገብ ታደርቅላችኋለች። ይሄንን በኮከብ የሚለካ ሆቴል አላየሁም።

ቁርሱ ላይ ግን ማወቅ ያለባችሁ ነገር አለ። ሙሉ የአይሪሽ ቁርስ ማለት አሳማ በአራት መልክ ነው፤ ቤከን፣ ቋሊማ፣ ጥቁር ፑዲንግና ነጭ ፑዲንግ (ጣፋጭ ሳይሆን የቋሊማ ዓይነት)። ጥቁሩ ደግሞ ደም አለበት። ክርስቲያንም ሁኑ ሙስሊም፣ ማታውኑ ንገሯት፣ ጠዋት ሳህኑ ከቀረበ በኋላ ሁለታችሁም ትሳቀቃላችሁ። አንዴ ካወቀች እንቁላሉን፣ እንጉዳዩንና ቲማቲሙን በሌላ መጥበሻ ትሠራላችኋለች። ጾም ከሆነ ነገሩ ይከብዳል። ሶዳ ብሬድ የሚሉት ቡናማ ዳቦ እንኳ የሚለወሰው በአሬራ ነው። የአጃ ገንፎ በውኃ ጠይቁ። ስለ ቡናቸው ምንም አልልም፣ ሻያቸው ግን ጠንከር ያለ ነው።

ከዚያ ጨዋታው ይመጣል። «ከየት ናችሁ?» «ኢትዮጵያ።» ሴትዮዋ ሃምሳ ዓመት ካለፋት ቀጥሎ የምታነሳው ለእኛ ረሃብ የተደረገውን የ1985ቱን የላይቭ ኤድ ኮንሰርት ነው፣ ካዘጋጁት አንዱ ቦብ ጌልዶፍ የእነሱ ሰው አይደል። ብዙዎቻችን እዚህ ላይ ፊታችን ይጠቁራል። «ዛሬም ረሃባችን ብቻ ነው የሚታወሰው?» እንላለን፣ ሐቅም አለን። እኔ ግን እዚህ አገር ላይ ቶሎ መናደዱን ትቻለሁ። ከ1845 እስከ 1852 በነበረው የድንች ረሃብ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው ሞቶባቸዋል፣ ሌላ አንድ ሚሊዮን ያህል ተሰዷል። በምዕራቡ ዳርቻ ተራሮቹ ላይ የዚያን ዘመን የድንች እርሻ መደቦች ዛሬም ሣር ለብሰው ይታያሉ። አኪል ደሴት ላይ ስሊቭሞር ተራራ ሥር ጣሪያ የሌላቸው የድንጋይ ቤቶች በረድፍ ቆመዋል፣ ሰው የለቀቀው መንደር። በዚያ አካባቢ ያደረ ሰው ቁርስ ላይ የትኛው ፍርስራሽ የየትኛው ቤተሰብ እንደነበር፣ ዘሩስ ዛሬ ቦስተን ይሁን ክሊቭላንድ የሚነግረው አያጣም። አንዳንዴ ከሰዓት በፊት መንገድ መጀመር አቅቶን እዚያው ጠረጴዛ ላይ እንቀራለን።

እንግዲህ አንድ የማልወደው ነገር ልናገር። ኦንላይን ስትፈልጉ ከላይ የሚመጡላችሁ ነጭ ቀለም የተቀቡ፣ በራቸው ቀይ የሆነ፣ አንዳንዴ ክዳናቸውም ሣር የሆነ ጎጆዎች አሉ። ፎቶው ልብ ይሰርቃል። ቁልፉ በር ላይ በተሰቀለች ሣጥን ውስጥ ነው፣ ቁጥር ተጭናችሁ ታወጣላችሁ። ባለቤቱ ሌላ ከተማ ነው። ከመግባት እስከ መውጣት ሰው ሳታነጋግሩ ልትሄዱ ትችላላችሁ። በኅዳርና በታኅሣሥ እዚያ ባሕር ዳር ስትነዱ መብራት የማይታይባቸው ቤቶች ተደርድረው ታያላችሁ። የመንደሩ ልጅ ግን፣ መምህሯም ነርሷም፣ የሚከራይ ቤት አጥታ ትንከራተታለች። የአየርላንድ የቤት እጥረት በእኛና በእናንተ የዕረፍት ሳምንት አልመጣም፣ አይፈታምም። ግን ሁለት ቤት እኩል ካማራችሁ ባለቤቱ ውስጡ የሚኖርበትን ውሰዱ፤ በሌላው የምታገኙት ፎቶውን ነው።

ደህና ገንዘብ ይዣለሁ፣ ዘና ማለት እፈልጋለሁ ለሚል ደግሞ የዚህ ዓይነት ቤት በከፍተኛው ደረጃም አለ። ምሥራቅ ኮርክ ያለው ባሊማሉ ሃውስ የገበሬ ቤት ነበር። ሚርትል አለን በ1964 የመኖሪያ ቤቷን የምግብ ክፍል ለእንግዳ ከፈተች፣ የምታበስለውም ከራሳቸው እርሻና ከቅርቡ ወደብ የመጣውን ነበር። በ1975 ለምርጥ ምግብ ቤቶች የሚሰጠውን የሚሽላን ኮከብ አገኘች። ዛሬም በቤተሰቡ እጅ ነው። ይሄኛው ገንዘቡን የሚያወጣ ነው ባይ ነኝ።

የባሰበት ጀብደኛ ካላችሁ ግሬት ብላስኬት ደሴት። ኬሪ ካውንቲ ዲንግል ልሳነ ምድር ፊት ለፊት ነው፣ መጨረሻዎቹ ነዋሪዎች በ1953 ነው የወጡት። ታድሰው የሚከራዩ ጥቂት ጎጆዎች አሉ። ኤሌክትሪክ የለም፣ ሻማ ነው። ባሕሩ ከተናወጠ ጀልባው አይመጣም፣ ስለዚህ በነጋታው በረራ ያለው ሰው አይሞክረው። ልጆች ላሏቸው ከአራን ደሴቶች መሐከለኛዋን ኢኒሽ ማን እመርጣለሁ፤ ቱሪስቱ ትልቋ ላይ ሲራገፍ እሷ ላይ የድንጋይ አጥሩና በአይሪሽ ቋንቋ የሚያወሩ ሰዎች ይቀሯችኋል።

ጉዞውን ደግሞ አታብዙት። በ2014 ዋይልድ አትላንቲክ ዌይ ብለው የሰየሙት የምዕራብ ጠረፍ መንገድ 2,500 ኪሎ ሜትር ነው፣ በአንድ ሳምንት ልጨርሰው የሚል ሰው መሪ ጨብጦ ከርሞ ይመለሳል። አንድ ልሳነ ምድር ይዛችሁ እዚያው ክረሙ። መንገዱ ጠባብ ነው፣ አንዳንዱ መሐሉ ላይ ሣር በቅሎበታል፣ የሚነዳው በግራ ነው። ከ2025 መጀመሪያ ወዲህ በገጠር ትንንሾቹ መንገዶች ላይ የፍጥነት ወሰኑ ከ80 ወደ 60 ኪሎ ሜትር ወርዷል፣ ጂፒኤሱ የሚላችሁ ሰዓት ላይ ጨምሩበት። በሰኔ ምዕራቡ ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ነው፣ በታኅሣሥ ግን 10 ሰዓት ተኩል ገደማ ትጠልቃለች።

ቪዛ! የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይዛችሁ እንግሊዝ ወይም ጀርመን የምትኖሩ፣ አየርላንድ ሼንገን በሚባለው የአውሮፓ የጋራ ቪዛ ቀጠና ውስጥ የለችም፣ የእንግሊዝ የመኖሪያ ፈቃዳችሁም በቂ አይደለም። ለብቻው ማመልከት ያስፈልጋል፣ ቤት ከመያዛችሁ በፊት ጀምሩት፣ ካልሆነም ገንዘብ የሚመልስ ቦታ ያዙ።

እና ቤቱን ስታገኙ ስልክ ደውሉ። ኢሜይል ብዙዎቹ ቶሎ አያዩም። ስትደውሉ ሴትዮዋ ከየት ተነስታችሁ እንደምትመጡ፣ ልጅ እንዳላችሁ፣ እራት የት እንደምትበሉ ትጠይቃችኋለች፤ በዚያች ደቂቃ ቤቱ ምን ዓይነት እንደሆነ ከማንኛውም ኮሜንት በላይ ይገባችኋል። ሞልቶባት ከሆነም «ቆዩ እስቲ» ትልና የጎረቤቷን ቁጥር ትሰጣችኋለች።