ልጄ ቋንቋ ቻለ

እዚህ ጅማ ልጄ የሚማርበት የግል ትምህርት ቤት ያመጣትን ካርድ ሳላመሰግን ብቀር ነውር ነው። ካርዷ በገመድ አንገት ላይ ትንጠለጠላለች። ጠዋት መጀመሪያ በእንግሊዝኛ ፋንታ አማርኛ ወይም አፋን ኦሮሞ ከአፉ ያመለጠው ልጅ ያጠልቃታል፤ ከዚያ የሚያመልጠው ጓደኛ እስኪያገኝ ጆሮውን ቀስሮ ይውላል። ደወል ሲደወል አንገቱ ላይ የተገኘችው ይቀጣል። በ8 ዓመት ዕድሜ እንዲህ ያለ የጆሮ ጠቢነት ሥልጠና ሌላ የት ይገኛል?

ባለፈው ሳምንት ልጄን ግቢ ውስጥ ድንጋይ አደናቀፈው። ሌላ ልጅ ቢሆን «ወይኔ እናቴ!» ብሎ ይገላገል ነበር። የኔው ጉልበቱን ይዞ አሰበ፤ እንግሊዝኛው አልመጣለትም፣ ዝም አለ። ያለቀሰው ማታ ቤት ገብቶ ነው። ትዕግሥት ይሏል ይሄ!

በተለይ እኛ አማርኛ አፋችንን የፈታንበት ሰዎች ደስ ሊለን ይገባል። በንጉሡ ዘመን የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአማርኛ ብቻ ሲሰጥ፣ ከገጠር የመጣ የኦሮሞ ልጅ ቃል በሰበረ ቁጥር ክፍሉ በሳቅ ይፈርስ ነበር። አባቴ ቡና ላይ እያስመሰለ ይተርክልን ነበር፤ እኛም እንስቅ ነበር። (ይሄን ለልጄ አልነገርኩትም።) በ1986 የወጣው የትምህርት ፖሊሲ ልጅ በአፍ መፍቻው ይማር አለ፤ በ1987 ሕገ መንግሥቱ ቋንቋዎች ሁሉ እኩል ናቸው አለ። ወረቀት ላይ ቀረ የሚል ካለ እኛ ግቢ ይምጣና ይይ፦ አማርኛውም አፋን ኦሮሞውም በአንድ ካርድ፣ በአንድ ገመድ፣ በእኩል ዋጋ ይቀጣል።

ጎረቤቴ «ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ አይደል? ምን ታደርገዋለህ!» ትለኛለች። እውነቷን ነው። በአንገት በኩል እንደሚገባ ግን አላውቅም ነበር።

የበሩ ጥበቃ አፋን ኦሮሞ፣ አማርኛ፣ ዳውሮኛና ጉራጊኛ አቀላጥፎ ይናገራል። ምስኪን፣ ቋንቋ አይችልም። ልጆቹ እንዳይበላሹ ሰላምታውን በእጅ ብቻ እንዲመልሱ ተነግሯቸዋል። ከሱ ራስ በላይ ትልቅ ማስታወቂያ ተሰቅሏል፤ ፀጉራቸው ወርቅ የመሰለ የፈረንጅ ልጆች መጽሐፍ ይዘው ይስቃሉ። ልጄን «የትኛው ክፍል ናቸው?» ብዬ ጠየቅኩት። «እነሱ አይማሩም፣ እዚያው ነው ያሉት» አለኝ።

ቅዳሜ የወላጆች ስብሰባ ነበር። ርእሰ መምህሩ ለአንድ ሰዓት ያህል በእንግሊዝኛ ንግግር አደረጉ፤ ሁላችንም ራሳችንን ነቀነቅን፣ ሲስቁ ሳቅን። መጨረሻ ላይ ድምፃቸውን ጠረጉና ወርሃዊ ክፍያው መጨመሩን ነገሩን፤ አንድም ሰው አልገባኝም እንዳይል፣ መጀመሪያ በአፋን ኦሮሞ፣ ቀጥሎ በአማርኛ።