ግጦሹን የሚያውቀው እረኛው ነው

ስለ ተራራ ጥበቃ ያነበብኩት ጽሑፍ ጸሐፊ ከፍተኛ ተራሮችን ለማዳን ነዋሪውን ማራቅ ይበጃል ማለታቸውን ፈጽሞ አልቀበልም። እዚያ ላይ ብርዱ የዕፅዋቱን ዕድገት ያዘገየዋል፤ የከብት ኮቴ የገለጠው ቁልቁለት አፈሩ በዝናብ ይታጠባል፣ ሣሩ ለመመለስ ግን ዓመታት ይፈጅበታል። ይህን ቀድሞ የሚያየው በየማለዳው መንጋውን እየነዳ የሚወጣው እረኛ ነው። ነዋሪውን ስብሰባ ጠርቶ ማስጨብጨብ ደግሞ ተሳትፎ አይባልም፤ የግጦሹን ደንብ ነዋሪው ራሱ ያውጣ!

የስዊዘርላንዷ የቶርበል መንደር ነዋሪዎች በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1517 ማንም ሰው በበረዶው ወራት ሊቀልብ ከሚችለው በላይ ላሞች ወደ ተራራው ግጦሽ እንዳይልክ ደነገጉ። እንዴት ያለ ብልህ መለኪያ ነው! ጎተራው ውስጥ ያለው ድርቆሽ ገደቡን ይናገራል። ከልኩ ያለፈውን የሚቀጣው የመንደሩ ሹምም የመቀጫውን ግማሽ ለራሱ ይወስድ ነበር።