ቺምፓንዚን በሰው ፊት መፈተን

ፊት በመለየት ሰውን የሚያክል የለም ሲባል ብዙ ዘመን ኖሯል። ማስረጃም ነበረው። ጦጣና ዝንጀሮ መሰል እንስሳት ፎቶ እየታያቸው ተፈትነው ነጥባቸው ዝቅ ይል ነበር። ግን የማን ፎቶ? የሰው! ለእኛ ደግሞ የሃያ ቺምፓንዚ ፎቶ ደርድረው «ይሄ ማነው? ያኛውስ?» ቢሉን ስንቶቻችን እናልፋለን? «ኧረ ሁሉም ያው ናቸው» ብለን ተነስተን እንሄዳለን።

አሜሪካ አትላንታ ውስጥ፣ ያኔ የርክስ ይባል በነበረው የእንስሳት ምርምር ማዕከል፣ ተመራማሪዋ ሊዛ ፓርና ባልደረቦቿ ፈተናውን ቀየሩት። ለቺምፓንዚዎቹ የቺምፓንዚ ፊት አሳዩአቸው። እነሱም ጆይስቲክ እያንቀሳቀሱ፣ አይተዋት የማያውቋትን ቺምፓንዚ ሁለት የተለያዩ ፎቶዎች አጣመሩ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2000 ታተመ። ሰነፉ ተፈታኙ ሳይሆን ፈታኙ ነበር ባይ ነኝ።

ከጃፓን እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ጥናት ደግሞ ይበልጥ ይገርማል። ወጣቶቹ ቺምፓንዚዎች የራሳቸውን ወገን ፊት በደንብ ይለያሉ። ዕድሜ ልካቸውን ከሰው ጋር የኖሩት አንጋፋዎቹ ግን የሰውን ፊት በመለየት ይሻላሉ። ዓይን የሚሠለጥነው ባየው ነው ማለት ነው። እኛስ መንገድ የሚሠሩትን ቻይናውያን «አንድ ናቸው» እንል የለ? እነሱም ስለ እኛ እንደዚያው ሳይሉ አይቀሩም።

(ቺምፓንዚዎች የሚያውቁትን ወዳጅ በመቀመጫው ፎቶ ጭምር ይለያሉ። ይህን ያረጋገጠው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2012 አስቆ ለሚያሳስብ ምርምር የሚሰጠውን የኢግ ኖቤል ሽልማት አግኝቷል። በዚህኛው ብንፈተን አያድርስ ነው።)

ለእኔ ጥሩ ፈተና የምለው በ2023 የታተመውን ነው። ሉዊዝ የምትባል ቦኖቦ አለች፤ ቦኖቦ የቺምፓንዚ የቅርብ ዘመድ ነው። ጃፓን ውስጥ ጭማቂዋን እየመጠጠች ስክሪን ላይ ሁለት ፎቶ ጎን ለጎን ለሦስት ሰከንድ ይታያታል። አንዱ ባዳ ነው፤ ሌላው ከ26 ዓመት በላይ ያላየቻት እህቷ ሎሬታ ናት። ምረጪ የሚላት የለም። ካሜራ ዓይኗን ብቻ ይከተላል። ሉዊዝ እህቷ ላይ አፈጠጠች፤ የእህቷ ልጅ ፎቶ ሲመጣም እንዲሁ። በጥናቱ የነበሩት ሌሎቹም ቢሆኑ የድሮ ጓደኞቻቸውን ከባዳው አስበልጠው አዩ፤ በተለይ ድሮ የሚስማሟቸውን።