እርማት፦ ፓስተር ሼፈር ማዕረጋቸውን ያጡት በጋብቻው ቅጣት አይደለም

«የፔንሲልቬንያው የሜቶዲስት ፓስተር ፍራንክ ሼፈር ወንድ ልጃቸውን ከወንድ ጋር ስላጋቡ ማዕረጋቸውን ተገፈው ቀሩ» ይባላል። ግማሹ ብቻ ነው እውነት። እ.ኤ.አ. በ2007 ለፈጸሙት ጋብቻ፣ በኖቬምበር 2013 13 አገልጋዮች የተቀመጡበት የቤተ ክርስቲያን ችሎት የወሰነው የ30 ቀን እገዳ ነበር። ጣጣው የመጣው ከተከተለችው ሐረግ ነው፦ የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻ ማስፈጸምን የሚከለክለውን የቤተ ክርስቲያኗን ደንብ ሙሉ በሙሉ አከብራለሁ ካላሉ ማዕረግዎን ይመልሱ። እምቢ አሉ፤ በዲሴምበር ተሻሩ።

ይግባኙም የያዘው ይህችኑ ሐረግ ነው፤ ሰው ገና ላልሠራው ጥፋት አይቀጣማ! በጁን 2014 ይግባኝ ሰሚው 8 ለ1 ማዕረጋቸውን መለሰ፣ የቤተ ክርስቲያኗ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የሆነው የፍትሕ ምክር ቤትም በኦክቶበር አጸናው። የ30 ቀኑ እገዳ ግን አልተሰረዘም። ክልከላው ራሱ የተነሳው ቆይቶ፣ በ2024 በአሜሪካዋ ሻርለት ከተማ በተካሄደው የቤተ ክርስቲያኗ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ነው።