ልብሱን አያስፉት

ክርክሩ የተነሳው በደሴ ፒያሳ አካባቢ በምትገኝ አንዲት የልብስ ስፌት ቤት፣ ቡናው አቦል ላይ ሳለ ነው። የቤቱ ባለቤት ከሠላሳ ዓመት በላይ ለከተማዋ ሴቶች የሰፉ ጠና ያሉ እናት ሲሆኑ፣ በዚያ ሳምንት የገጠማቸውን አንድ ነገር አጫወቱን። አንዲት ወጣት ሚዜ የምትሆንበትን ቀሚስ በቴሌግራም ከሚሸጥ ሱቅ ፎቶውን አይታ ትገዛና ይዛላቸው ትመጣለች፤ ቀሚሱ ወገቡ ላይ ጠቦ ዚፑ ከግማሽ በላይ አይዘጋም። ሴትዮዋ ገልብጠው ሲያዩት በሁለቱም ጎን ወደ ውስጥ የታጠፈ፣ ሁለት ሁለት ጣት የሚሆን ትርፍ ጨርቅ ስላገኙ፣ «ለነገ አስፍቼ አደርስልሻለሁ» ይሏታል። ልጅቷ ግን «ልብሱን አያስፉት፤ ሠርጉ ገና ወር ይቀረዋል፣ እኔው እጠባለሁ» ብላ፣ ርዝመቱን ብቻ እንዲያሳጥሩላት ለምና ሄደች።

«ምን እንደምላት ጠፋኝ» አሉ ሴትዮዋ። «ጾም ነው እንዳልል ጾም አይደለም፤ ታማለች እንዳልል ደህና ናት። ምሳ መብላት ካቆመች ሳምንት እንዳለፋት የነገረችኝ ደግሞ እንደ ጀብዱ ነው።»

አብረውን የነበሩት ጡረታ የወጡ መምህር ነገሩን አቃለሉት። «እትዬ፣ እርስዎ ዘንግተውት እንጂ ድሮም ያው ነበር። እስቲ ድድዎን ያሳዩን! ያንን ንቅሳት በእሾህ ሲወጉ ማን ማስታወቂያ ሰቅሎልዎ ነበር? አንገቷን ከጉሮሮዋ እስከ ደረቷ የተነቀሰችው የገጠር ሴትስ ቴሌግራም አይታ ነው?» ካሉ በኋላ፣ የወሎ ልጅ ቆንጆ ናት እየተባለ በባቲና በአምባሰል ቅኝት ሲዘፈንላት የኖረች ሴት፣ ቆንጆ የመሆን ግዴታ የተጫነባት ስልክ ከመምጣቱ እጅግ ቀደም ብሎ መሆኑን አስረዱ። ይህ ነጥብ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም፤ ስለ መልካችን እየተመካን የምንናገር የወሎ ሰዎች፣ ሙገሳው ያልደረሳት ልጅ ምን እየተሰማት እንዳደገች ጠይቀን አናውቅም። ሴትዮዋም አልካዱም። «አመመኝ እንጂ! ድዴ አብጦ ለስንት ቀን ትኩስ ነገር አልቀመስኩም። ግን አንዴ ነው፤ ተነቀስኩ፣ አለቀ። ከዚያ በኋላ ማንም መጥቶ ንቅሳትሽ ዘንድሮ አይሆንም፣ ሌላ ተነቀሺ አላለኝም» ሲሉ መለሱ።

ከታች በኩል ቡቲክ ያለውና ዕቃውን በቴሌግራምና በቲክቶክ የሚያስተዋውቀው ወጣት ነገሩ ወደ እርሱ መዞሩን ስላወቀ ቀድሞ ተከላከለ። እርሱ ልብስ እንጂ ገላ እንደማይሸጥ፣ ፎቶዎቹም ከቱርክና ከቻይና አከፋፋዮች ተዘጋጅተው የሚመጡለት መሆናቸውን ተናገረ፤ እንዲያውም የፋሽን ማስታወቂያ የእኛንም መልክ ለዓለም ያሳየ ነው አለ። «ሊያ ከበደ አዲስ አበባ ተወልዳ፣ እ.ኤ.አ. በ2003 ኢስቴ ላውደር የተባለው የመዋቢያ ኩባንያ የመጀመሪያዋ ጥቁር ሞዴል የሆነችው በዚሁ ሥራ አይደለም ወይ? የእኛ ልጆች እሷን ሲያዩ ሊኮሩ እንጂ ሊያዝኑ አይገባም።»

«መልኳንስ አመጣችሁልን፤ ቁመቷን ከየት እናምጣ?» አሉ ልብስ ሰፊዋ፤ ሁላችንም ሳቅን። ቀጥለውም በሱቁ በር ላይ የቆመችው አሻንጉሊት ጀርባዋ ላይ ስላለው መርፌ ቁልፍ ጠየቁት። ወጣቱ አፈር ብሎ አመነ። ሰፊ ቀሚስ አሻንጉሊቷ ላይ ሲውል ወገቡ ስለሚንዘላዘል፣ ከኋላ ጨርቁን ሰብስቦ በመርፌ ቁልፍ ይይዘዋል፤ ከፊት የሚያየው ሰው ቀሚሱ ከወገብ ላይ ልክክ ብሎ የተሰፋ ይመስለዋል። ፎቶ ሲነሳም እንዲሁ ነው፤ ሞዴል የለበሰችው ልብስ ከጀርባዋ በመቆንጠጫ ይያዝና ፊት ለፊቷ ብቻ ይነሳል። ኮምፒውተር ከመነካቱ በፊት፣ በቀሚሱ ላይ ብቻ፣ የመጀመሪያው ማሳመር በዚህ መንገድ ያልቃል ማለት ነው። ቀሚሱን የገዛችው ልጅ ቤቷ ወስዳ ስትለብሰው ከፎቶው ጋር አልመሳሰል ሲላት የምትወቅሰው መርፌ ቁልፉን አይደለም፤ አታውቀውምና።

እስከዚህ ድረስ ዝም ብላ ስትሰማ የቆየችው በአንድ ጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ ነበረች። እሷ ያነሳችው በፓስፊክ ውቅያኖስ ስላሉት የፊጂ ደሴቶች ነው። ናድሮጋ በተባለው የፊጂ አካባቢ ቴሌቪዥን የገባው እ.ኤ.አ. በ1995 ሲሆን፣ አን ቤከር የምትባል የሃርቫርድ ተመራማሪ በዚያው ዓመት ቴሌቪዥኑ እንደገባ ሰሞን የትምህርት ቤት ልጃገረዶችን ጠየቀች፤ ክብደቷን ለመቆጣጠር ብላ የበላችውን የምታስመልስ አንዲትም አልተገኘችም። በ1998 ተመልሳ ስትጠይቅ ግን 11.3 በመቶዎቹ እንደሚያስመልሱ ተናገሩ፤ 74 በመቶዎቹም ቢያንስ አልፎ አልፎ ከልክ በላይ ወፍራም እንደሆኑ እንደሚሰማቸው ገለጹ። ነርሷን የገረማት ቁጥሩ ብቻ አልነበረም። የፊጂ ሰው እንደ እኛው ሞላ ያለ ገላ የሚወድ፣ የከሳ ሰው ሲያይ ታሟል ወይም የሚያበላው ዘመድ አጥቷል ብሎ የሚያዝን ሕዝብ ነበር። «እኛም አንዲት ልጅ ከስታ ስናገኛት ‹ምን ሆንሽ፣ ተጎሳቆልሽ› እንላለን። ይህ ባህላችን ይጠብቃታል ብለን እንዳንዝናና ነው የምነግራችሁ» አለች።

መምህሩ በዋዛ አልለቀቋትም። የተጠየቁት ልጆች በመጀመሪያው ዙር 63፣ በሁለተኛው 65 ብቻ መሆናቸውንና ልጆቹም አንድ እንዳልነበሩ ሲሰሙ፣ በሦስት ዓመት ውስጥ በአንድ አገር የሚለወጠው ቴሌቪዥን ብቻ እንዳልሆነ አስታወሱ፤ ልጆቹ ያዩት የነበረውም ከማስታወቂያው ይልቅ ተከታታይ ድራማውን ሊሆን እንደሚችል አከሉ። ነርሷም ጥናቱ ብቻውን ነገሩን እንደማይቋጨው አመነች። ከዚያ ግን ከጥናቱ ይልቅ እኔን የነካኝን ነገር ተናገረች።

በእሷ ዘንድ የሚመጡት ልጆች ሁሉም መክሳት የሚፈልጉ አይደሉም። አሁን በየስልኩ የሚታየው ገላ ከወገቡ የቀጠነ፣ ከዳሌው የሰፋ ነው፤ ሁለቱን አጣምራ የተፈጠረች ሴት ጥቂት ናት። ስለዚህ አንዷ ምሳዋን ትዘላለች፣ ሌላዋ ከየትም ያገኘችውን የማወፈሪያ ኪኒን ትውጣለች። ነርሷ ይዘዋቸው ከመጡት ኪኒኖች መካከል ዴክሳሜታዞን አግኝታለች። ይህ መድኃኒት ለብርቱ ሕመም በሐኪም ትእዛዝ የሚሰጥ ነው፤ ያለ ትእዛዝ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ፊትን ያሳብጣል፣ የደም ግፊትንና ስኳርን ከፍ ያደርጋል፣ አጥንትን ያሳሳል፤ ሰውነት የራሱን ተመሳሳይ ሆርሞን ማምረት ስለሚያቆም ደግሞ በድንገት ማቋረጡ ራሱ አደገኛ ነው። «ያበጠ ፊቷን በመስታወት አይታ ‹ተሳካልኝ› ያለችኝ ልጅ አለች» ስትል መምህሩም ለጊዜው መልስ አላገኙም።

ወሬው ወደ ሕግ ዞረ። ፈረንሳይ ከጥቅምት 1 ቀን 2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሞዴል ገላ ተቀጥኖ ወይም ተወፍሮ የተነካካ የንግድ ፎቶ «ተነካክቷል» የሚል ጽሑፍ እንዲይዝ፣ ይህን ያላደረገም 37,500 ዩሮ እንዲቀጣ ደንግጋለች፤ ኖርዌይም ከሐምሌ 2022 እ.ኤ.አ. ወዲህ ተመሳሳይ ሕግ አላት። ነርሷ ለእኛም ይምጣ አለች። መምህሩ በእኛ አገር የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን የሚከለክል መሆኑን፣ በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1112ም የአልኮል መጠጥ ማስታወቂያ ከቴሌቪዥንና ከሬዲዮ መጥፋቱን ጠቅሰው፣ መንግሥት ሲፈልግ እንደሚችል ተናገሩ። ባለ ቡቲኩ «ቢራው ግን አልጠፋም» አለ። ደግሞም በዚያች ከተማ ልብስ የሚያስተዋውቁት ቴሌቪዥን ጣቢያዎች ሳይሆኑ እንደ እርሱ ያሉ ሰዎች በስልካቸው ስለሆኑ፣ ማን ማንን ይቆጣጠራል ሲል ጠየቀ። የማስጠንቀቂያ ጽሑፉን ነገር በተመለከተም በተደጋጋሚ የተደረጉ ሙከራዎች፣ ጽሑፉን ያዩ ሴቶች በገላቸው አለመርካታቸው ብዙም እንዳልቀነሰ አሳይተዋል። ፎቶው መነካካቱን ማወቅ እንደ ፎቶው ለመሆን ከመመኘት አያድንም።

ይህ ሁሉ ሲባል የልብስ ሰፊዋ የእህት ልጅ፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ፣ ፈንድሻ ይዛ ገባች። መምህሩ ገና እጃቸውን ሳይዘረጉ «ምነው አንቺ ልጅ፣ ከሳሽሳ!» አሏት። ነርሷ በዓይኗ ገሠጸቻቸው። ልጅቷን ስለ ማስታወቂያ ምን እንደምታስብ የጠየቃት ባለ ቡቲኩ ብቻ ነበር። «የሱቅ ፎቶ ብዙም አላይም፤ የማየው የክፍሌን ልጆች ነው» አለች። የክፍሏ ልጆች የሚለጥፉት ግን በፊልተር ወገቡ የጠበበ፣ ቆዳው የፈካ ፎቶ ነው፤ የለበሱትንም ልብስ ከየት እንደገዙት ከሥሩ ይጽፋሉ።

እኔ ከዚህ ክርክር መምህሩ በአንድ ነገር ልክ ናቸው እላለሁ፤ ቀድሞ የነበረው ዘመን ንጹሕ አልነበረም፣ ዛሬም በቡናችን ላይ ስለ ልጆቻችን ገላ የምንናገረው ቃል ከማስታወቂያው በምን እንደሚሻል አላውቅም። ነገር ግን «ድሮም ነበር» የሚለው መልስ ልብስ ሰፊዋ የተናገሩትን አይመልስም። የእሳቸው ንቅሳት ማለቂያ ነበረው፤ የነቀሱዋቸው ሴቶችም የሚያውቋቸውና ነገ በመንገድ የሚያገኟቸው ነበሩ። ማስታወቂያ ግን ያች ልጅ በገላዋ የረካች ዕለት የሚሸጥላት ነገር ስለሚያንስ፣ ልኩን በየጊዜው መለወጥ አለበት። የሚያጽናናውም ማስታወቂያ ቢሆን ያው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2004 «እውነተኛ ውበት» እያለ ዶቭ የተባለውን የውበት መጠበቂያ ምርቱን ያስተዋወቀው ዩኒሊቨር የተባለ ኩባንያ፣ በዚያው ዘመን ፌር ኤንድ ላቭሊ የሚባለውን የማንጫ ክሬም ይሸጥ ነበር፤ ስሙን የለወጠው በ2020 ነው።

ነርሷ ሕግ ይውጣ ማለቷን አልቃወምም፤ ለኪኒኑ በተለይ ነገ ዛሬ ሳይባል ቁጥጥር ያስፈልጋል። ለልብሱ ግን ይበልጥ የጣመኝ ልብስ ሰፊዋ ለባለ ቡቲኩ ያቀረቡለት ሐሳብ ነው። የአንዱ ፋብሪካ ኤም የሌላው ኤስ ስለሆነ፣ ከእያንዳንዱ ፎቶ ሥር የደረቱን፣ የወገቡንና የዳሌውን ስፋት በሜትር ለክቶ በሴንቲ ሜትር ይጻፍ፤ ወደ ውስጥ የታጠፈ ትርፍ ጨርቅ ካለውም «ይሰፋል» ይበል። ያኔ ልጅቷ ቀሚሱ ሲጠባት የምታገኘው አንድ የማይገጥም ቁጥር ነው፤ ስለ ራሷ የተነገረ ፍርድ አይሆንባትም። ወጣቱ ገዢ እንዳይሸሽበት ሠግቶ ቃል ሳይሰጥ ተነሳ። እኔ ግን በየሳምንቱ አልሆነኝም እየተባለ ዕቃ እንደሚመለስበት ቀደም ብሎ ራሱ ስለነገረን፣ ልኩን መጻፉ ከሚያሳጣው ገበያ የሚያተርፍለት ይበልጣል ባይ ነኝ።